አዘዞና ወለቃ፤ በጎንደር ዳርቻ ስለ ነበረው የእጅ ሥራና ስለ ቅርሱ አጠባበቅ

ስለ ጎንደር ከተማ የተጻፈው ብዙ ነው። ይሁን እንጂ የተጻፈውን ሁሉ መልሶ ለሚመረምር ሰው፣ አብዛኛው ስለ ነገሥታቱና ስለ ግምቦቻቸው፣ ስለ አብያተ ክርስቲያናቱና ስለ ሊቃውንቱ የሚናገር ሆኖ ይገኛል። ድንጋዩን ማን ጠረበው፣ ኖራውን ማን አቃጠለው፣ ለጠራቢው መዶሻና መሮ ማን ቀጠቀጠለት፣ ውሃውን የተሸከመውን እንስራ ማን ሠራው ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ ጥያቄ ማንሣት ነው። ስለዚህ ከከተማው መካከል ይልቅ ዳርቻውን እንመለከታለን፤ ይኸውም በደቡብ አዘዞን፣ በሰሜን ወለቃን፣ ከዚያም አልፎ በሊማሊሞ ቁልቁለት ወደ ዛሪማ የሚወርደውን መንገድ ነው። በመጨረሻም ይህ ሁሉ ሥራ ዛሬ በሙዚየም ውስጥ ምን ያህል ስፍራ እንዳገኘ እንጠይቃለን።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» ያልተጻፈባቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር የተሰጡ መሆናቸውን አንባቢው ልብ ይበል።

፩. የአገሩ አቀማመጥ

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ጉብታ ላይ የተሠራች ከተማ ናት። በምሥራቅ የአንገረብ፣ በምዕራብ የቀሃ ወንዝ ያዋስኗታል። ውሃቸው ወደ ደቡብ ወርዶ በመገጭ በኩል የደምቢያን ሜዳ አቋርጦ ጣና ይገባል። አፄ ፋሲል በ1636 (1628 ዓ.ም.) ከተማውን በዚህ ስፍራ ሲቈረቍሩ ሦስት ነገር በአንድነት አግኝተዋል፤ ከደጋውና ከወይና ደጋው የሚመጣ እህል፣ በግራና በቀኝ የማይቋረጥ ውሃ፣ እንዲሁም ከምጽዋ ወደብና ከሱዳን የሚመጡት የነጋዴ መንገዶች የሚገናኙበት በር።

ለሥራ የሚሆነው ነገር ግን ሁሉም እኩል አልተገኘም። የአካባቢው ድንጋይ በአብዛኛው እሳተ ገሞራ የወለደው ጥቁር ድንጋይ ነው። ይህ ድንጋይ ጠንካራና ብዙ ስለ ሆነ ለግድግዳ ይበጃል፤ ለመጥረብ ግን ያስቸግራል። በመስኮቱና በበሩ ዙሪያ፣ በቅስቱም ላይ፣ ቀላ ያለና ለስላሳ የሆነ ሌላ ድንጋይ የገባው ስለዚህ ነው። የዛሬው ጎብኚ ይህን እንደ ጌጥ ብቻ ያየዋል። ነገር ግን ጌጥ ከመሆኑ በፊት የጠራቢ ብልሃት ነበር፤ መሮ በቀላሉ የሚገባው ድንጋይ ቅርጽ በሚያስፈልግበት ቦታ፣ መሮ የማይገባው ደግሞ ክብደት በሚያስፈልግበት ቦታ ተመድቧልና። የኖራ ድንጋይ እንደ ልብ በማይገኝበት በዚህ አገር ኖራ ማግኘት ትልቅ ነገር እንደ ነበረም ከዚሁ መረዳት ይቻላል።

አዘዞ ከጎንደር በስተ ደቡብ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሜዳው ጫፍ ላይ ትገኛለች። ወደ ባሕር ዳርና ወደ መተማ የሚሄዱት መንገዶች የሚለያዩት በእርሷ ነው፤ የጎንደር አውሮፕላን ማረፊያም በእርሷ አጠገብ ነው። ወለቃ ደግሞ በሰሜን በኩል ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ ያለች መንደር ናት። አንዷ የንጉሥ አትክልት ቦታ የነበረች፣ ሌላይቱ የባለ እጆች መንደር የሆነች፣ ሁለቱም ግን ያለ ጎንደር የማይታሰቡ፣ ጎንደርም ያለ እነርሱ የማትታሰብ ዳርቻዎች ናቸው።

፪. አዘዞና የኖራው ነገር

አዘዞ ከጎንደር ትቀድማለች። አፄ ሱስንዮስ (1607–1632) በ1620ዎቹ ገነተ ኢየሱስ የተባለውን ቤተ ክርስቲያንና በዙሪያው የነበረውን አትክልት፣ ገንዳና ሕንጻ ያቋቋሙት በዚህ ስፍራ ነው። በ1632 ሲያርፉም የተቀበሩት በዚሁ ነበር። ኢየሱሳውያን ከአገር ከወጡ በኋላ ስፍራው ወደ ኦርቶዶክስ ሥርዓት ተመልሶ፣ ዛሬ አዘዞ ተክለ ሃይማኖት ተብሎ ይጠራል። ከደብረ ሊባኖስ ቤት ጋር የነበረው ግንኙነትም በጎንደር ዘመን የሃይማኖት ክርክር ውስጥ ትልቅ ስም እንዲያገኝ አድርጎታል። በ21ኛው ምእተ ዓመት መጀመሪያ ዓመታት የስጳኝ አርኪዮሎጂስቶች በዚህ ስፍራ ቆፍረው የሕንጻውን መሠረት መርምረዋል። አዘዞ እንግዲህ በጣና ዙሪያ የድንጋይና የኖራ ሥራ እንዴት እንደ ተጀመረ ለማጥናት ከሚያስፈልጉት ቦታዎች አንዷ ናት።

በኢየሱሳውያን ጽሑፎች መሠረት፣ ፔድሮ ፓኤዝ በጎርጎራ ለንጉሡ በሠራው ቤት ኖራ አልነበረም። የኖራ ድንጋይ በአገሩ ውስጥ ተለይቶ የታወቀውና አቃጥሎ የማዘጋጀቱ ሥራ የተስፋፋው ከዚያ በኋላ፣ በ1620ዎቹ መጀመሪያ ገደማ ነው። በዚህ ነገር ከሕንድ የመጡ ሰዎች ተካፋይ ነበሩ። የአፄ ሱስንዮስ ዜና መዋዕልም የደንቀዝን ቤተ መንግሥት ስለ ሠሩት ሰዎች ሲናገር፣ ዐብደል ከሪም የሚባል ሕንዳዊና ሰደቃ ነስራኒ የሚባል ግብጻዊ በስም ይጠቅሳል። በ1648 ወደ አፄ ፋሲል የመጣው የየመን መልእክተኛ ሐሰን ኢብን አሕመድ አል ሐይሚም የጎንደርን ቤተ መንግሥት አይቶ፣ የሠራው ሕንዳዊ ግምበኛ ነው ብሎ ጽፏል።

ይህ ማስረጃ ሁለት ስሕተቶችን ያርማል። አንደኛው «ጎንደርን የሠሩት ፖርቱጋሎች ናቸው» የሚለው የቆየ አባባል ነው። አፄ ፋሲል ኢየሱሳውያንን ያባረሩ ንጉሥ ናቸው፤ ግምባቸውም የተሠራው ከዚያ በኋላ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ለዚያ አባባል መልስ እንዲሆን ብቻ የሚነገረው «የውጭ አገር ሰው እጅ ከቶ አልነበረበትም» የሚለው ነው። እውነቱ በሁለቱ መካከል ይገኛል። የኖራው አሠራርና አንዳንዱ የሕንጻ ቅርጽ ከሕንድና ከቀይ ባሕር ማዶ መጥቷል፤ ነገር ግን አንድ ወይም ሁለት የእንግዳ አለቃ ብቻውን ከተማ አይሠራም። ድንጋዩን ከካቡ አውጥቶ የሚያቀርብ፣ ኖራውን የሚያቃጥል፣ ጽድና ወይራ ቈርጦ ለወለልና ለጣሪያ የሚያዘጋጅ፣ ብረቱን የሚቀጠቅጥ እጅ በየቀኑ ያስፈልጋል። ይህ እጅ የአገር እጅ ነበር። ከአንድ ንጉሥ ወደ ሌላው እየተላለፈ፣ ከፋሲል እስከ እቴጌ ምንትዋብና እስከ ልጃቸው እስከ ዳግማዊ ኢያሱ (1730–1755) ድረስ ከመቶ ዓመት በላይ ሥራውን ያቆየውም ይኸው ነው።

ኖራ የሚዘጋጀው እንደሚከተለው ነው። ድንጋዩ ተፈልጦ በምድጃ ውስጥ ከእንጨት ጋር ይደረደርና ብዙ ሰዓት ይነዳል። ከዚያ ውሃ ሲጨመርበት ይፈላል፣ ይፈረካከሳል፣ ነጭ ሊጥ ይሆናል። ሊጡ ከአሸዋ ጋር ተደባልቆ ድንጋዩን ከድንጋይ ያያይዛል። እሳቱ ካነሰ ድንጋዩ ውስጡ ጥሬ ሆኖ ይቀራል፤ ውሃው ያለ ልክ ከበዛ ጉልበቱ ይጠፋል። ይህን ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልግም፤ ከአባት ወይም ከአለቃ ጋር ዓመታት መቆም ግን ያስፈልጋል። እንዲህ ያለው ዕውቀት ሠሪው ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋ ስለ ሆነ፣ የዚህ ጽሑፍ ዋና ጭንቀትም እዚህ ላይ ነው።

፫. ከተማውና ሠፈሮቹ

ጎንደር በሠፈር የተከፈለች ከተማ ነበረች። አቡን ቤት የጳጳሱ፣ እጨጌ ቤት የእጨጌው ሠፈር ነው። እስላም ቤት ወይም አዲስ ዓለም የሙስሊሞች ነጋዴዎችና ሸማኔዎች ሠፈር ነበር። ካይላ ሜዳ ደግሞ «ካይላ» ወይም «ፈላሻ» እየተባሉ ይጠሩ የነበሩት፣ ራሳቸውን ግን ቤተ እስራኤል የሚሉት ሰዎች የኖሩበት ነው። ሁለቱ ስሞች የስድብ መልክ ስላላቸው፣ በቦታ ስም ወይም በታሪክ መጥቀሻ ካልሆነ በቀር፣ በዚህ ጽሑፍ ቤተ እስራኤል የሚለውን እንከተላለን።

በ1668 በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን በጎንደር የተሰበሰበው ጉባኤ፣ ፈረንጆች ወይ ከቤተ ክርስቲያን ጋር እንዲተባበሩ ወይ ከአገር እንዲወጡ፣ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤልም ከክርስቲያኖች ተለይተው በየራሳቸው ሠፈር እንዲቀመጡ ወሰነ። ትእዛዙ በ1678 እንደገና ተነግሯል። አንድ ትእዛዝ ሁለት ጊዜ መነገሩ ራሱ የሚያስተምረን ነገር አለ፤ በመጀመሪያው ጊዜ ሰዉ ሙሉ በሙሉ እንዳልተለየ ያሳያልና። ገበያውና ሥራው አንድ ላይ ይዟቸው ነበር። በሃይማኖት የተለያዩት ሰዎች ገበያ ላይ ይገናኛሉ፤ ሸማኔው ለካህኑ ሸማ፣ አንጥረኛው ለገበሬው ማረሻ፣ ነጋዴው ለመኳንንቱ ሐር ያቀርባል።

ከቤተ እስራኤል ወገን የሕንጻና የእንጨት ሥራ የሚያውቁት በነገሥታቱ ዘንድ ዋጋ ነበራቸው። በዚህ ዘመን ለአገልግሎታቸው መሬት የተሰጣቸው፣ አለቆቻቸውም «አዛዥ»ና «በጅሮንድ» የሚል ማዕርግ ያገኙ እንደ ነበሩ የታሪክ ተመራማሪዎች አስረድተዋል። ይህን ትክክል ለመገመት ወደ ኋላ መመለስ ያሻል። ትውፊቱ እንደሚለው፣ አፄ ይስሐቅ (1413–1430) ቤተ እስራኤልን ድል ካደረጉ በኋላ ያልተጠመቀ ርስት እንዳይወርስ አዘዋል። ርስት የሌለው ሰው የሰው መሬት በጥሲሳ እያረሰ ይኖራል፤ ጥሲሳው ስለማይበቃውም ወደ እጅ ሥራ ያዘነብላል። እንግዲህ እጅ ሥራ ለእነዚህ ሰዎች በመጀመሪያ የፈለጉት ዕድል ሳይሆን መሬት በማጣት የተተካ ኑሮ ነበር። የጎንደር ነገሥታት ሕንጻ በወደዱ ጊዜ ግን ያው ኑሮ መልሶ መሬትና ማዕርግ አስገኘላቸው። ነገሩ የሚያስደንቅ ቢሆንም፣ ዕድሉ በቤተ መንግሥቱ ዕድሜ ላይ የተንጠለጠለ ስለ ነበረ አልዘለቀም።

፬. ወለቃ፤ ብረትና ሸክላ

ወለቃ በዘመናችን የምትታወቀው በሸክላ ሥራዋ ነው። ሥራው በወንድና በሴት የተከፈለ ነበር። ወንዱ ብረት ይቀጠቅጣል ወይም ሸማ ይሠራል፤ ሴቲቱ ሸክላ ትሠራለች።

የቀጥቃጩ ቤት ዕቃ ጥቂት ነው። ከፍየል ቆዳ የተሠራ ወናፍ፣ ከሰል፣ መዶሻ፣ ጉጠት፣ ብረቱ የሚቀጠቀጥበት መስፍ ነው። ከዚህ ጥቂት ዕቃ ማረሻ፣ ማጭድ፣ ምሳር፣ ዶማ፣ ቢላዋና ጦር ይወጣል። ማረሻ ከሌለ እርሻ የለም፤ እርሻ ከሌለ ግብር የለም፤ ግብር ከሌለ ንጉሥ የለም። ይህን ያህል የሚያስፈልገው ሰው ግን በአገሩ ልማድ «ቡዳ» ይባል ነበር፤ ሌሊት ጅብ ይሆናል፣ በዓይኑ ሰው ይበላል ተብሎ ይፈራ ነበር። እሳትና ብረት የሚያዝ፣ አፈርን ወደ ዕቃ የሚለውጥ ሰው ምስጢር አለው ብሎ መፍራት በሌሎችም የአፍሪካ አገሮች የታወቀ ነገር ነው። በእኛ አገር ግን ፍርሃቱ ከርስት ማጣት ጋር ተጣምሮ ሠሪውን ከሥራው ዋጋ በታች አድርጎ አኑሮታል። የእጅ ሥራችን ለብዙ ዘመን ለምን አላደገም ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ፣ ምክንያቱን በመሣሪያው ማነስ ብቻ ሳይሆን በዚህም ውስጥ መፈለግ ይገባዋል።

የሸክላው አሠራር የሚከተለው ነው። ጭቃው ከተመረጠ ስፍራ ይመጣል፤ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ ይነፋል። ከዚያ የተፈጨ ገል ወይም አሸዋ ተጨምሮበት በውሃ ይታሻል። ገሉ የሚጨመረው ዕቃው በእሳት ጊዜ እንዳይሰነጠቅ ነው። ሠሪዋ የሚሽከረከር መሣሪያ የላትም። ጭቃውን በእጅዋ እያንከባለለችና እየደራረበች ታቆመዋለች፤ ውስጡንና ውጭውን ታስተካክላለች፤ ጥቂት ሲጠነክር በለስላሳ ድንጋይ ትወለውለዋለች። ከደረቀ በኋላ በሜዳ ላይ በእንጨትና በኩበት ትተኩሰዋለች። ጋን፣ እንስራ፣ ገንቦ፣ ማሰሮ፣ ድስት፣ ምጣድ፣ ጀበና ሁሉ የሚወጣው ከዚህ ነው። ከነዚህ ሁሉ አስቸጋሪው ምጣድ ነው፤ ሰፊና ስስ ስለ ሆነ በመድረቅም በመተኮስም ጊዜ ይሰነጠቃልና። የጎንደር ሰው እንጀራ የበላው በዚህች ሴት ብልሃት ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ከ20ኛው ምእተ ዓመት አጋማሽ በኋላ ሌላ ዓይነት ሥራ ተጨመረ። የውጭ አገር ጎብኚዎች ወደ መንደሩ መምጣት ሲጀምሩ፣ ሠሪዎቹ ከዕለት ዕቃ ይልቅ ትናንሽ ምስሎችን መሥራት ያዙ፤ አንበሳ፣ ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ፣ መጽሐፍ የያዘ ካህን፣ ልጅዋን ያዘለች እናት ናቸው። አንዳንድ ሰው እነዚህን ምስሎች ጥንታዊ ባህል መስለውት ይገዛቸዋል። ጥንታዊ የሆነው እጅና ጭቃው ነው እንጂ ምስሉ አይደለም። ይህ ማለት ግን ምስሉ የተናቀ ነው ማለት አይደለም፤ ባለ እጅ ገዢው ሲለወጥ ሥራውን እንዴት እንደሚለውጥ የሚያሳይ የታሪክ ማስረጃ ነውና፣ ከነዘመኑ ተመዝግቦ መቀመጥ ይገባዋል።

፭. መፍረስና መበተን

የስኮትላንዱ ጄምስ ብሩስ በየካቲት 1770 ጎንደር ሲገባ፣ ከተማው በሰላም ጊዜ አሥር ሺሕ ያህል ቤተ ሰብ እንዳለው ገምቷል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ዘመነ መሳፍንት መጣ። ንጉሡ በግምቡ ውስጥ ቀርቶ ሥልጣኑ ወደ መሳፍንቱ ሲያልፍ፣ የሕንጻ ሥራም ቆመ፤ ግምበኛው ማዕርጉንና መሬቱን አጣ።

አፄ ቴዎድሮስ (1855–1868) የእጅ ሥራን ዋጋ ያወቁ ንጉሥ ነበሩ። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የአውሮጳ ሠራተኞችንና የአገር ልጆችን ሰብስበው መድፍ እንዲቀልጥ፣ ጠመንጃ እንዲጠገን፣ ባሩድ እንዲዘጋጅ አድርገዋል። በዚያ ከተሠሩት ሁሉ ትልቁ ሴባስቶፖል የሚባለው 7 ቶን ያህል የሚመዝን መድፍ ነው። በጥቅምት 1867 ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፣ መንገድ እየተደለደለለት፣ ስድስት ወር ገደማ ተጎትቶ መቅደላ ደረሰ፤ ዛሬም በዚያው ይገኛል። ጋፋት የጀመረችው ሥራ ግን ንጉሡ በሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሲሞቱ ተቋረጠ። ጎንደርን ደግሞ ያው ንጉሥ በ1864ና በ1866 ዘርፈዋታል፣ አቃጥለዋታልም። የሥራ ወዳጅ የሆነው ንጉሥ የባለ እጆቹን ጥንታዊ ከተማ ማፍረሱ ከታሪካችን አሳዛኝ ነገሮች አንዱ ነው።

በጥር 1880 ዓ.ም. የመሐዲ ሠራዊት ገብቶ ከተማውንና አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠለ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ክፉ ቀን የተባለው የ1880–1884 ዓ.ም. ረኃብ ደረሰ። ከብቱ አለቀ፤ ሰዉም ተበተነ። ርስት የሌለው ባለ እጅ በእንዲህ ያለ ጊዜ ከሁሉ በፊት ይጎዳል፤ ማረሻ የሚገዛው ገበሬ በሬ ከሌለው ለቀጥቃጩ እህል የሚከፍል የለምና።

፮. የዛሪማ መንገድ

የጎንደርን ዳርቻ ስንመለከት በሰሜን የሚወጣውን መንገድ መርሳት አይገባም። ወለቃን አልፎ በዳባት በኩል ደባርቅ ይደርሳል፤ ደባርቅ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት የስሜን በር ናት። ከዚያ መሬቱ በድንገት ይቋረጣል። መንገዱ በሊማሊሞ ገደል እየተጠማዘዘ ወደ ድብ ባሕርና ወደ ዛሪማ ይወርዳል፤ ቀጥሎ በአዲ አርቃይ በኩል ወደ ተከዜ ያመራል። ዛሪማ ከደባርቅ ከአንድ ሺሕ ሜትር በላይ ዝቅ ያለች ቆላ ናት። የዛሪማ ወንዝ ከስሜን ተራሮች የሚወርደውን ውሃ ይዞ ተከዜ ይገባል። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከገብስና ከብርድ አገር ወደ ማሽላና ወደ ሙቀት አገር የሚያወርድ እንዲህ ያለ መንገድ በአገራችን ብዙ አይገኝም።

ከምጽዋ የሚመጣው የነጋዴ ቅፍለት የሚያልፈው በዚህ በኩል ነበር። ብሩስም የመጣው በዚሁ ነው፤ ድብ ባሕርን በመጽሐፉ ጠቅሷል፤ በሊማሊሞ አናት ላይ ስለ ነበረው ኬላና ስለ ቀራጮቹም ጽፏል። ሐር፣ ብርጭቆ፣ የጦር መሣሪያ ወደ ላይ ይወጣል፤ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ወርቅ ወደ ታች ይወርዳል። ቆለኛው ዛሪማ ለጎንደር የሩቅ አገር አልነበረችም፤ ደገኛው ለቍልቍለቱ ራሱን የሚያሰናዳበት፣ ነጋዴው ከዳገቱ በፊት በቅሎውን የሚያሳርፍበት ደጃፍ ነበረች ማለት ይቻላል።

የኢጣሊያ ጦር በሚያዝያ 1936 መጀመሪያ ጎንደር ከገባ በኋላ፣ ከአሥመራ ወደ ጎንደር የሚመጣውን የመኪና መንገድ በዚሁ ገደል ላይ አሠራው። መንገዱ ለወራሪው ጦር የተሠራ መሆኑን ሳንዘነጋ፣ ገደሉን ደግፎ የያዘው የድንጋይ ካብ ግን ራሱን የቻለ የሥራ ቅርስ ነው። በ1934 ዓ.ም. ይኸው መንገድ የጦር ሜዳ ሆነ። በመስከረም በወልቅፊት የነበረው የኢጣሊያ ምሽግ እጁን ሰጠ፤ በኅዳር 18 ቀን ደግሞ አዘዞ ተይዛ የጎንደር ጦር ከነአዛዡ ከጄኔራል ናዚ ጋር ተማረከ። በኢትዮጵያ የኢጣሊያ ጦር የመጨረሻ ምሽግ የወደቀው በዚህ ቀን ነው።

መንገዱ ለባለ እጆቹ ሁለት ነገር አመጣ። በመኪና የመጣው ቆርቆሮ፣ የብረት ድስትና የፋብሪካ መሣሪያ የሸክላውንና የቀጥቃጩን ገበያ ቀስ በቀስ ቀነሰ። በሌላ በኩል ያው መንገድ ወደ ስሜንና ወደ አክሱም የሚያልፈውን ጎብኚ በወለቃ ደጅ አሳለፈው። የስሜን ብሔራዊ ፓርክ በ1978፣ ፋሲል ግቢ በ1979 በዓለም ቅርስ መዝገብ ከተጻፉ በኋላ፣ ገዢው ገበሬው መሆኑ እየቀረ መንገደኛው ሆነ። ትልቁ ፋብሪካ ወደ ጎንደር የመጣው ዘግይቶ ነው፤ ዳሽን ቢራ ፋብሪካ ሥራ የጀመረው በ1992 ዓ.ም. ገደማ ነው። የስሜን ተራራ ስም የተሰጠው ይህ ፋብሪካ፣ ጋን ይጠመቅበት ለነበረው አገር ጠርሙስ አመጣ።

፯. ሙዚየሙ ምን ያስቀምጥ?

በ1984ና በ1985 በሱዳን በኩል፣ በግንቦት 1991 ደግሞ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ከ14,000 በላይ፣ ቤተ እስራኤል ወደ እስራኤል ሄዱ። ወለቃ ከቀድሞ ነዋሪዎቿ ተለየች። የጸሎት ቤታቸውና የመንደሩ ስም ቀርተዋል፤ የሸክላውን ሥራ ጎረቤቶቻቸው ይዘውታል፤ የሴቶች የእጅ ሥራ ማሠልጠኛም በመንደሩ ተቋቁሟል። ሥራው ከሠሪው ወገን ተለይቶ መቀጠሉ ለታሪክ ተመራማሪ ትልቅ ነገር ነው። የቡዳው ስም ከእጁ ጋር ሳይሆን ከሰው ጋር የተያያዘ መስሎ ለሚታየው፣ ያው እጅ ሥራ በሌላ ሰው ሲሠራ ምን እንደሚባል መጠየቅ ይገባል።

ጎንደር በሙዚየምነት የሚያገለግል ስፍራ አላት። ፋሲል ግቢ ራሱ ትልቅ ሙዚየም ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴ ወደ ጎንደር ሲመጡ ያርፉበት የነበረው ራስ ግምብም ወደ ሙዚየምነት ተለውጧል። አብያተ ክርስቲያናቱም መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት ይጠብቃሉ። በነዚህ ሁሉ ጎብኚው የሚያየው ዙፋንና ሥዕል፣ ዘውድና መስቀል ነው። ግምቡን የሠራው ሰው መሮ፣ የኖራው ምድጃ አሠራር፣ የቀጥቃጩ ወናፍ፣ የሸክላ ሠሪዋ መወልወያ ድንጋይ ግን የሚገባቸውን ስፍራ ገና አላገኙም።

ይህ የስሜት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የግምቦቹን ዕድሜ የሚነካ ጉዳይ ነው። በኢጣሊያ ዘመንና ከዚያም በኋላ አንዳንዱ ግድግዳ በሲሚንቶ ተጠግኖ ነበር። ሲሚንቶ ከአሮጌው ኖራ ይልቅ ይጠነክራል፤ እርጥበት ግን አያሳልፍም። ስለዚህ በግድግዳው ውስጥ የገባው ውሃ መውጫ ሲያጣ ለስላሳውን ድንጋይ ያፈርሰዋል። ኖራ ግን ይተነፍሳል። በዚህ ምክንያት የኋለኞቹ የቅርስ ጠጋኞች ሲሚንቶውን እያወጡ በኖራ መተካት ግድ ሆነባቸው። የጥንቱ ግምበኛ ዕውቀት ተጽፎ ቢቀመጥ ኖሮ ይህ ሁሉ ድካምና ወጪ ባላስፈለገ ነበር። ባለ እጁን የረሳ አገር የንጉሡን ግምብም በአግባቡ ሊጠብቅ አይችልም የምንለው ከዚህ ተነሥተን ነው።

በአዲስ አበባ፣ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም የሕዝብ ኑሮ ዕቃ በመሰብሰብ ጥሩ ምሳሌ ሰጥቷል። ነገር ግን የወለቃ ምጣድ በአዲስ አበባ መስታወት ውስጥ ሲቀመጥ ጭቃው የተቆፈረበትን ስፍራ፣ የተተኮሰበትን ሜዳ፣ የተሸጠበትን ገበያ ትቶ ነው የሚሄደው። በስፍራው የሚቋቋም ትንሽ ቤት ግን ዕቃውን ከነመሬቱ ሊያሳይ ይችላል። በአዘዞ ከአሮጌው ሕንጻ ፍርስራሽ አጠገብ የኖራ አሠራርን የሚያስረዳ፣ በወለቃ ከጸሎት ቤቱ አጠገብ የብረትና የሸክላ መሣሪያን ከነስሙ የሚያስቀምጥ፣ በደባርቅ ወይም በዛሪማ የቅፍለቱን መንገድና የሊማሊሞን ካብ የሚያሳይ ቤት ቢኖር፣ ሦስቱ አንድ ላይ የአንድ ከተማ የሥራ ታሪክ ይሆናሉ። ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም። የሚጠይቁት በመጀመሪያ መዝገብ ነው፤ የመሣሪያው ስም፣ የአሠራሩ ቅደም ተከተል፣ የጭቃውና የድንጋዩ ስፍራ፣ የባለ ሙያው ቃል በጥንቃቄ መጻፍ አለበት።

ይህን መዝገብ ለማዘጋጀት ከሁሉ የሚቀርቡት የአካባቢው ተማሪዎች ናቸው። በየክረምቱ ወደ አገራቸው የሚመለሱ ወጣቶች አንድ አንድ ሙያ ቢከታተሉ፣ አንዱ ወናፍን፣ ሌላው ምጣድን፣ ሌላው የሸማኔውን መወርወሪያ ይዞ ቢጽፍ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሙዚየም ሊቆምበት የሚችል መሠረት ይገኛል። ሥራው ግን መፍጠን አለበት። ግምቡ በዝናብና በፀሐይ ሦስት መቶ ዓመት ሲቆይ አይተናል፤ ኖራውን ያቃጠለው ሰው ዕውቀት ግን የሚቆየው እስከ አንድ ሰው ዕድሜ ድረስ ብቻ ነው።